የአንድ ግቢ ጠብታ

እኔ ፈጣን ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ያዋረደኝ ይኸው ፍጥነቴ ነውና። ምን ላድርግ፣ አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ቀስ ብሎ መናገር አይችልበትም። ቀስ ብለህ ከተናገርህ ሌላው ሰው ወሬህን ነጥቆ ይጨርስልሃል።

እንቁ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለሕፃናት ጥናት እሠራለሁ። ጥናቱ ሲነገር ቀላል ነው። ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች ሆነው የተወለዱ ሕፃናት ለሦስት ወር በየቀኑ ሃያ ጠብታ ይሰጣቸዋል። የግማሾቹ ብልቃጥ ውስጥ ክብደት እንዲጨምሩ ይረዳል ተብሎ የታሰበ ቫይታሚን አለ፤ የግማሾቹ ውስጥ ያለው ተራ ዘይት ነው። በመልክም፣ በጠረንም፣ በጣዕምም አይለያዩም። ማን የትኛው እንደደረሰው እናትየዋ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ የጥናቱ መሪ ዶክተር በርሄም አያውቁም። ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ የቁጥሩ ፍቺ ሌላ ቦታ ተቆልፎበታል። የእኔ ሥራ እናቶችን ማስረዳት፣ ማስፈረም፣ ከዚያ በየሐሙሱ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዲስ ብልቃጥ መስጠትና ሕፃናቱን መመዘን ነው።

ስሜ የተጠራው «ማስረዳት» የሚለው ላይ ነው። የስምምነት ቅጹ ሰባት ገጽ ነው። አምስት ኪሎ የምትሠራው ባልደረባዬ ለአንዲት እናት አንብባ ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅባታል። እኔ በአሥራ ሁለት ደቂቃ አስፈርሜ እወጣለሁ። በየወሩ አራት ኪሎ በምናደርገው ስብሰባ ዶክተር በርሄ የእኔን ጣቢያ ምሳሌ አድርገው ያነሱ ነበር። ሃያ ሦስት እናቶች፣ ሃያ ሦስት ፊርማ፣ ያቋረጠ የለም፣ የጠፋ ብልቃጥ የለም። እኔም አንገቴን ደፍቼ በሆዴ እጨፍራለሁ።

ከሃያ ሦስቱ እናቶች ሁለቱ ከፒያሳ ወደ ውቤ በረሃ ሲወረድ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ግማሹ ሰፈር ለልማት ተነስቶ ይህ ግቢ እንዴት እንደተረፈ የሚያውቅ የለም። ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ። በቀኝ በኩል ተስኒም አለች፤ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት፣ ምላሷ እንደ እኔው አያርፍም። በግራ በኩል ጽዮን አለች፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ የነበረች፣ ዝምተኛ። በአራት ቀን ልዩነት ወለዱ። የተስኒም ልጅ ሙስዓብ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበር፤ የጽዮን ሴት ልጅ ደግሞ ሁለት ኪሎ ከመቶ ሃምሳ። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ መዝገቤ ላይ ስሟ «የጽዮን ልጅ» ነው።

መሃል ያለው ቤት የእማማ አዳነች ነው። እማማ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ስድስት ልጆች አሳድገው ድረዋል፤ አሁን የሚያሳድጉት ግቢውን ነው። ረመዳን ሲመጣ ሾርባው ከተስኒም ቤት ወደ ጽዮን ቤት ይሻገራል፤ ለፋሲካ ድፎ ዳቦው በተራው ወደ ተስኒም ቤት ይመለሳል። ሥጋው ለየብቻ ነው። ከሥጋ በቀር ግን በዚያ ግቢ የየብቻ የሚባል ነገር አላየሁም። ይህን ሁሉ በየሳምንቱ እያየሁ አንድም ነገር አለመጠርጠሬ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በሰባተኛው ሳምንት ሐሙስ በዓል ስለሆነ ረቡዕ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። እማማ አዳነች በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው በርጩማ ላይ አንድ ሲኒ አለ። ጽዮን ብልቃጧን ሲኒው ውስጥ ገለበጠች። ተስኒምም የራሷን ገለበጠች። እማማ በማንኪያ አማሰሉና በጠብታ መስጫው እየሳቡ ሁለቱን ብልቃጦች ወደ ብርሃን እያነሱ እኩል አድርገው መሙላት ጀመሩ።

ደሜ ፈላ።

«ምንድን ነው የምታደርጉት?» ብዬ ጮህኩ። ሙስዓብ ደንግጦ ነቃና አለቀሰ፤ የጽዮን ልጅም ተከተለችው።

«ውይ ሲስተር! ነገ አይደል እንዴ የምትመጪው?» አለች ተስኒም፣ ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው አልኩ!»

«እየተካፈልን ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። አዲስ ብልቃጥ ያመጣሽ ለታ እንቀላቅለዋለን፤ አሮጌውን ከመውሰድሽ በፊት ደግሞ የተረፈውን እኩል እናደርገዋለን። ደግሞ አይዞሽ፣ ሲኒውንም ማንኪያውንም አፍልተን ነው። አንቺው እንዳስተማርሽን።»

ያስተማርኩት ንጽሕና በዚህ መንገድ ሲመለስልኝ መሳቅ ይሁን መቆጣት ያለብኝ ግራ ገባኝ፤ የሚቀናኝን መረጥኩና ተቆጣሁ። «ሰባት ሳምንት የመዘንኩት ሁሉ ውሃ በላው!» አልኩ። «አንዱ ልጅ ቫይታሚን፣ አንዱ ዘይት ካልወሰደ ቫይታሚኑ መጥቀሙ በምን ይታወቃል? የደረሳቸው ቢለያይ አሁን ሁለቱም ግማሽ በግማሽ ነው የወሰዱት። ጥናት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ስፕሪስ ነው ስትሠሩ የከረማችሁት!»

እማማ አዳነች ሲኒውን አስቀመጡ። «እንቁዬ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም እማማ።»

«ቆሞም ይሰማል። አንቺ ራስሽ በዕጣ ነው የሚደርሳቸው አላልሽም? እሺ፣ ዕጣ የእግዜር ነው፣ ይድረስ። ለአንዱ ደርሶ ለአንዱ ሲቀር ምን እንደምናደርግ ግን አልነገርሽንም። ካልነገርሽን የምናውቀውን አደረግን።»

«ጥናት ነው እኮ እማማ፣ እርስዎ ደግሞ!»

«ሲስተር፣ ቆይ ስሚኝ» አለች ተስኒም። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከእሷ ሰምቼው አላውቅም። «የእኔ ልጅ ቢወፍርና የእሷ እንደዚሁ ብትቀር፣ ልጄን ታቅፌ እዚያች ቧንቧ ጋር በምን ዓይኔ ነው የምቆመው? ወላሂ ደስ አይለኝም። መድኃኒቱ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።»

«እኔም» አለች ጽዮን። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ብልቃጦቹን ወሰድኩ፣ ልጆቹን መዘንኩ፣ አዲስ ሰጠሁና ማንም እንዳይቀላቅል አስጠነቀቅኩ። ስወጣ «ሌላ እንዲህ የሚያደርግ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሦስቱም በአንድ አፍ «ማንም የለም!» አሉ። እንደዚያ ሲመለስ አራዳ ያደገ ሰው ይጠረጥራል።

በቀጥታ ፒያሳ ወጥቼ አንዱ ካፌ ባንኮኒ ላይ ማኪያቶ አዘዝኩ። የስምምነት ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጥፋታቸውን በገጽና በመስመር ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። እስከ ገጽ አራት ድረስ የሚጠቅመኝ ነገር አላገኘሁም። ገጽ አምስትን ገለጥኩ።

«ጥናቱ ተጠናቆ ቫይታሚኑ ጠቃሚ ሆኖ ከተገኘ፣ ዘይት ብቻ የደረሳቸው ሕፃናት በሙሉ ቫይታሚኑን ለሦስት ወር በነጻ ያገኛሉ» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በፊት አንብቤው የማውቀው ሥራውን ስጀምር በተሰጠን ሥልጠና ላይ ብቻ ነው። ለእናቶቹ አንድም ቀን አላነበብኩላቸውም። አምስትና ስድስት የስልክ ቁጥርና የቅሬታ ማቅረቢያ ገጾች ናቸው እያልኩ ከአራት ወደ ሰባት፣ ወደ ፊርማው እዘል ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃዬ ከዚያ ነው የመጣችው። ተስኒም ያን ሁሉ ስትለኝ መልሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትለኝ ለቤት ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማኪያቶውን ሳልጠጣው ከፍዬ ወጣሁ።

ዓርብ ጠዋት አራት ኪሎ ዶክተር በርሄ ቢሮ ሄጄ ግማሹን ነገርኳቸው። ዶክተር ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ በጣም ቀንሶ ነበር።

«የሁለቱን መዝግበን እንቀጥላለን፤ ልጆቹንም መመዘን አናቆምም» አሉ። «እኔን ያስጨነቀኝ የሌሎቹ ነው። ማን እንደቀላቀለና ማን እንዳልቀላቀለ ካላወቅን የሃያ ሦስቱንም መረጃ ከማውጣት በቀር ምርጫ የለንም። በጣቢያሽ ጥናቱ ይዘጋል።»

«ልጆቹስ?»

«እንደ ሌላው ሕፃን በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። በየሳምንቱ ቤታቸው ሄዶ የሚመዝናቸው ግን አይኖርም። እስከ ሰኞ አጣርተሽ ንገሪኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ለምን እንደቀላቀሉ ግን አልገባኝም። ያልደረሳቸው በኋላ እንደሚያገኙ ቅጹ ላይ አለ እኮ። አንብበሽላቸዋል አይደል?»

«አንብቤላቸዋለሁ» አልኩ።

ውሸቱም እንደ ሌላው ነገሬ ሁሉ በፍጥነት ነው የወጣው።

ቅዳሜና እሁድ ሃያ አንድ ቤት ዞርኩ። አንዲትም እናት አልቀላቀለችም። ኑሰይባ የምትባለው በሩን እንደከፈተችልኝ «እኔ አልቀላቀልኩም ሲስተር!» አለች። «ስለ መቀላቀል ማን ጠየቀሽ?» ብላት «ማንም» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ሌላዋ ደግሞ ከጎረቤቷ ጋር ከነጭራሹ እንደማይነጋገሩ በማርያም ማለችልኝ፤ ጎረቤቲቱ ያን ጊዜ አጠገቧ ተቀምጣ ልጇን ታጥብላት ነበር። ሁሉም ቤት ያው ቃል፣ ያው ፈገግታ። የተላከ መልእክት እንዳለ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የቀላቀሉትን ካልቀላቀሉት መለየት ግን አልቻልኩም። እውነቱን ካላገኘሁ ሰኞ የጣቢያው ጥናት መዘጋቱ ነው፤ እነዚያ በመዳፍ የሚያዙ ልጆች በየሳምንቱ የሚያያቸው ሰው ያጣሉ። እሁድ ከሰዓት ራስ ምታት ይዞኝ ለዶክተር ደወልኩና «እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢጠይቋቸው ይሻላል» አልኩ። ሰኞ ሁሉም ጤና ጣቢያ እንዲመጡ ተጠሩ።

የመጠበቂያ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሃያ ሦስት እናቶች፣ ሃያ ሦስት ሕፃናት፣ እንዲሁም ሳይጠሩ የመጡት እማማ አዳነች። ዶክተር በርሄ ወንበር ስበው እንደ ቤተ ዘመድ መሃላቸው ተቀመጡና በቀስታ አስረዱ። ማንም እንደማይቀጣ፣ ማንም ልጅ እንደማይባረር፣ እውነቱ ካልታወቀ ግን የዚህ ጣቢያ ጥናት እንደሚያበቃ ተናገሩ። «እስቲ እንነጋገር። የቀላቀለ አለ?» አሉ።

እናቶቹ ሁሉ የልጆቻቸውን ፎጣ ማስተካከል ጀመሩ።

«ምንም አትፍሩ።»

«ዶክተር፣ ሲስተር እንቁ በደንብ ነው ያስረዳችን» አለች ከኋላ አንዷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ሁሉንም ነው ያነበበችልን!» አለች ተስኒም ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አንድም መስመር አላስቀረችም። ወላሂ፣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ነው ያነበበችው!»

ያኔ ገባኝ። ቅዳሜና እሁድ ሃያ አንድ በር ላይ የሰማሁት ውሸት ለራሳቸው አልነበረም። ለእኔ ነበር። የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሴት መሆኔን ሁሉም ያውቃሉ፤ ሰዓት አላቸው እኮ። እፍረት እንዲህ ያቃጥላል ብዬ አላስብም ነበር።

ተነሳሁ። «ዶክተር፣ ዓርብ ዕለት ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ። ቅጹን አወጣሁና ገጽ አምስትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ከዚያ «ይህን ለማንኛችሁም አላነበብኩም። ዘልዬዋለሁ። የቀላቀለ ሰው ካለ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

መጀመሪያ የተናገረችው ጽዮን ናት።

«ቆይ፣ ዘይት የደረሳት በኋላ መድኃኒቱን ታገኛለች ማለት ነው?»

«ከጠቀመ ታገኛለች።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ ይህን ብትነግሪን ምን ነበረበት!» አለች ተስኒም። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲኒ ስናፈላ! ጋዙ እንኳ አላሳዘነሽም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳይበርድ ኑሰይባ እጇን አወጣች። «እኔም ከደረጃው በታች ካለችው ጋር» አለች፤ ከደረጃው በታች ያለችውም አብራ እጇን አነሳች። ያቺ ከጎረቤቷ ጋር አልነጋገርም ብላ የማለችው ጎረቤቷን በክርን ጎሸመቻትና ሁለቱም ተነሱ። ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ተስኒምንና ጽዮንን ጨምሮ አሥር ደረሱ። አሥራ አንደኛዋ ደግሞ ጥንድ የላትም፤ ጠብታውን ስታካፍል የከረመችው ከጥናቱ ውጭ ለሆነ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጁ ሰባት ኪሎ ይመዝናል። «ሲያየን ዝም ይባላል?» አለች። ዶክተር ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙና ያን ልጅ ዛሬውኑ እንዲያመጡላቸው አዘዙ።

«እኔን ለምን ዋሻችሁኝ ታዲያ?» አልኩ።

«እንጀራሽን እንዳታጪ ነዋ» አሉ እማማ አዳነች። «ረቡዕ ፊትሽ አመድ መስሎ ስትወጪ እኔ ነኝ በየቤቱ ያስደወልኩት። ሞኝ! ያኔውኑ ቀድመሽ ብትናገሪ የቅዳሜ እረፍትሽ ባልተበላሸ።»

አለቀስኩ። ያን ያህል ሕፃን ባለበት አዳራሽ ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዶክተር በርሄ ጠረጴዛው ላይ የስህተት ማሳወቂያ ቅጽ ዘርግተው መጻፍ ጀመሩ። የአሥራ አንዱን ቁጥር አሰፈሩ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የስምምነቱ ቅጽ ገጽ አምስትና ስድስት ስላልተነበበ» ብለው ጻፉ። ከታች «ለስህተቱ ኃላፊ የሆነው ሰው ፊርማ» የሚል አንድ መስመር አለ። እስክሪብቶውን አቀበሉኝና ፈረምኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ተስኒም በትከሻዬ ላይ አጮልቃ።

«ጥፋቱን የሠራ ሰው የሚፈርምበት ነው» አሉ ዶክተር። «ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሄዳል።»

«እሷ ብቻዋን?»

«አዎ።»

«የቀላቀልነው እኮ እኛ ነን» አለችና ሙስዓብን እኔ ላይ ጥላ እስክሪብቶውን ወሰደች።

«ቦታ የለውም ተስኒም» አልኳት።

«ጠባብ ቦታ ያደግን ሰዎች ነን፣ አይጠብበንም» ብላ ከስሜ ሥር ፈረመች። ለጽዮን አቀበለቻት፤ ጽዮን ለኑሰይባ። ዶክተር በርሄ «እህቶቼ፣ ይሄ እኮ የኮሚቴ ሰነድ ነው…» ብለው ጀምረው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። እማማ አዳነች ወረቀቱን ገልብጠው አዩትና «ጀርባው ባዶ ነው፣ በዚህ ቀጥሉ» አሉ። አንዷ ለመፈረም አልመች ሲላት ልጇን ዶክተር እቅፍ ውስጥ አስቀመጠች። ቀጥሎ ያለችውም እንደዚያው አደረገች። ዶክተር በርሄ በሁለት እጃቸው ሁለት ሕፃናት ይዘው ቆሙ፤ ለመቆጣት እንኳ የሚያወዛውዙት ጣት አልተረፋቸውም።

«እንቁ» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልቀነሰም ነበር። «ኮሚቴው የሚለውን እኔ አብሬሽ ቀርቤ እሰማለሁ። ሐሙስ ሥራ አለሽ። ለሃያ ሦስቱም ሰባቱን ገጽ ትደግሚላቸዋለሽ። እኔም አንዱ ቤት ቁጭ ብዬ ሰዓት እይዛለሁ።»

«እሺ ዶክተር።»

አሥራ አንዱ ፈርመው ሲጨርሱ ወረቀቱን ልሰበስብ እጄን ዘረጋሁ። እስክሪብቶው ግን አልተመለሰልኝም። ከጥግ ተነስታ የመጣች ለተክርስቶስ የምትባል እናት ይዛዋለች፤ እጇን ካላወጡት አንዷ ናት።

«አንቺ እኮ አልቀላቀልሽም» አልኳት።

«አጠገቤ የወለደ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ» ብላ ፈረመች።